ቀላል ናት ብለው ያመጡብኝ አበባ

በእኛ ጊዜ ሽማግሌ ሲጠየቅ ስኳር ይያዛል። ቡና ይያዛል። እጅ ካጠረም ጥቂት ብርቱካን በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይመጣል። የመጣው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያልቃል፤ ጠያቂው ተመርቆ ይሸኛል፤ ሽማግሌውም ጋደም ይላል። የዛሬ ልጅ የሚያመጣው ስጦታ ግን ሥራ ነው። ስልክ ይሰጥሃል፤ የሚስጥር ቁጥሩን አትርሳ ይልሃል። የደም ግፊት መለኪያ ይሰጥሃል፤ ጠዋት ማታ ክንድህን እያሰርክ ደብተር ላይ መዝግብ ይልሃል። ጡረታ የወጣሁት ለዚህ ነበር? ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ ደግሞ አበባ አመጡብኝ።

አበባ ስላችሁ ግቢ ውስጥ የሚተከል፣ ዝናብ የሚያጠጣው፣ በግ ካልጋጠው በቀር ምንም የማይለው አበባ እንዳይመስላችሁ። ኦርኪድ ነው። በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልላ፣ ሪባን አስራ፣ በታክሲ የፊት ወንበር ተቀምጣ ነው ሠፈራችን ዘነበወርቅ የገባችው። እኔ ከሐኪም ቤት ስመለስ ከኋላ ነው የምቀመጠው።

«አባባ፣ አይጨነቁ፤ ለጀማሪ በጣም ቀላል ናት» አለኝ ልጄ።

ልብ በሉ። በጅማ መስመር የቡና መኪና ስነዳ ያረጀሁ፣ ልጅ የዳርኩ፣ እድር የመራሁ፣ ስንት ባልና ሚስት ያስታረቅኩ ሰው ነኝ። በስተርጅናዬ ጀማሪ ተባልኩ።

ስሟ ፋላኖፕሲስ ነው። ይህን ስም ለመጥራት ጥርስ ይጠይቃል፤ የእኔ የፊት ጥርሶች ደግሞ ማታ ማታ ብርጭቆ ውስጥ ነው የሚያድሩት። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ «ወይዘሪት» ትባላለች። የኦርኪድ ወገን ከ25,000 በላይ ዝርያ አለው፤ ከዚያ ሁሉ መሃል ቤት ውስጥ ለመኖር ፈቃደኛ የሆነችው፣ ጠባይዋም የማይከፋው እሷ ናት ይላሉ። የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ትምህርት ስለምትማር እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉ የምታስረዳኝ እሷ ናት። የወይዘሪት የትውልድ አገር ሩቅ ምሥራቅ ነው፤ ከእስያ ሞቃታማ ደኖች አንስቶ በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ በኩል እስከ ሰሜን አውስትራሊያ። አፈር አትረግጥም። ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ፣ ሥሯን በቅርፊቱ ላይ ዘርግታ፣ ሲዘንብ ጠጥታ፣ ሲያባራ በንፋስ ደርቃ ትኖራለች። ኢንዶኔዥያ ነጯን ዝርያ ከብሔራዊ አበቦቿ አንዷ አድርጋ ሾማታለች። እኛ ቤት ደግሞ የተሾመችው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው፤ ዜና የማየው በቅጠሏ ሥር ጎንበስ ብዬ ነበር።

ቀላልነቷ የታወቀው ገና በመጀመሪያው ምሽት ነው። ሌሊት ከ16 ዲግሪ በታች ከሆነ ቅር ይላታል ተባልኩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውጭው ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ቤቱም ከውጭው ብዙ አይሻልም። እኔ በረደኝ ስል ዕድሜዬን ሙሉ የሚሰጠኝ መልስ «ጋቢህን ደርብ» የሚል ነው። ለእሷ ግን ስብሰባ ተቀመጡ። ሌሊት ከመስኮቱ መስታወት ትራቅ፣ መጋረጃው በመሃል ይውረድ፣ በሩ ሥር ጨርቅ ይወተፍ ተባለ። ያ በር ሥር ያለው ክፍተት ቁርጥማቴን ሲያስነሳ ስንት ክረምት አለፈ! ወይዘሪት በመጣች በሳምንቷ ተወተፈ።

ቀጥሎ ፀሐይ መጣ። ፀሐይ ትወዳለች፣ ፀሐይም አትወድም። የጠዋቷን ለስላሳ ፀሐይ፣ በምሥራቅ መስኮት የምትገባውን ትፈልጋለች። የቀትሯ ግን ቅጠሏን ትጠብሰዋለች፤ እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ ፀሐያችን ምሕረት የላትም። ቅጠሉ በጣም ከጠቆረ ብርሃን አንሷታል፤ ወደ ቢጫ ካደላ ወይም ጠርዙ ከቀላ በዝቶባታል፤ ፈካ ያለ አረንጓዴ ከሆነ ተስማምቷታል። ይህን ሁሉ ሰማሁ፣ ተቀበልኩም። ቤታችን ውስጥ ወደ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት አንድ ነው። እዚያ መስኮት ሥር ያለው ወንበር የእኔ ነው። ነበር ማለቴ ነው።

ይሁንና ያቺ የመጀመሪያዋ ወይዘሪት በብርድም በፀሐይም አልሞተችም። የሞተችው በደግነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ጠዋት ተነስታ ጸሎቷን ስትጨርስ አንድ ብርጭቆ ውኃ ለእሷ። የቤት ሠራተኛዋ ወለሉን ስትወለውል በዚያው አንድ ኩባያ ለእሷ። ጎረቤታችን ቡና ልትጠጣ መጥታ «ውይ ምስኪን፣ ጠምቷታል» ብላ ከራሷ ብርጭቆ ለእሷ። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ደግሞ ቤቱ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ይሞላል፤ ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ ሮቶው፣ ማሰሮው፤ እሷም ዕቃ ናት ተብላ ተሞላች። በመጨረሻ የነፍስ አባታችን መጥተው ቤቱን ጸበል ሲረጩ አንዷ ጠብታ በቅጠሎቿ መሃል፣ እምብርቷ ላይ አረፈች። የነፍስ አባቴን አልወቅስም፤ እሳቸው የረጩት ለበረከት ነው። የልጅ ልጄ ግን ፊቷ ሲጠቁር አይቻለሁ። ለካ ያቺ ተክል የምታድግበት ጫፍ አንድ ብቻ ነው፤ አዲስ ቅጠል ሁሉ የሚወጣው ከዚያች ከመሃሏ ነው። እዚያ ላይ ውኃ ካደረ፣ ሌሊቱም ከቀዘቀዘ፣ እምብርቷ ይበሰብሳል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ላይ ማደግ የለም።

ያም ሆኖ እምብርቷ ከመበስበሱ በፊት ሥሯ ቀድሞ በሰበሰ። ለካ ቫዞዋ ሁለት ኖሯል፤ ውስጡ ቀዳዳ ያለው ላስቲክ፣ ውጭው ቀዳዳ የሌለው የሚያምር ሸክላ። ያ ሁሉ ሰው ያጠጣው ውኃ በሁለቱ መሃል ተጠራቅሞ ወይዘሪት ባሕር ላይ ቆማለች፤ ያየ የለም። ሥሩ የበሰበሰ ተክል ደግሞ ውኃ መሳብ ስለማይችል በውኃ መሃል ቆሞ ይጠማል፤ ቅጠሉም ይጨማደዳል። ቅጠሉ ሲጨማደድ ቤተሰቡ ምን አለ? «ውኃ አንሷት ነው!» በላይ በላዩ ጨመሩላት። ከዚያ ባለቤቴ «ይሄ ቅርፊትና ከሰል ምግብ አይሆናትም» ብላ በኒዶ ጣሳ፣ በአፈርና በፍግ ተከለቻት። አፈር ሥሯን አፍኖ አየር እንደሚከለክላት የነገራት አልነበረም። ቀብሩ በዚያው ተፈጸመ፤ ድንኳን ብቻ ነው የቀረው።

ከቤቱ ሰው ያልነካኋት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያኔ ስንፍና ተብሎ ተወራብኝ። ይኸው ጥበብ ሆኖ ተገኘ፤ ግን ማንም ይቅርታ አልጠየቀኝም።

እንግዲህ ቀላል ናት የሚሏት የምትፈልገው ሥራ ጥቂት ስለሆነ ነው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጥቂት መሥራት እኛ ቤት ብዙ ከመሥራት ይከብዳል። እኛ እንግዳን «ብላ፣ ብላ፤ ጠጣ፣ ጠጣ» እያልን ያደግን ሕዝብ ነን። እንግዳው «በቃኝ» ሲል እውነቱን ነው ብሎ የሚያምን ማን አለ? «በሞቴ!» ብለን አንዴ እናጎርሰዋለን፤ እሱ ጠግቦ ይኖራል፣ እኛም አንሞትም። ወይዘሪት ግን «በቃኝ» ስትል እውነቷን ነው። ስለዚህ ለጀማሪ ኦርኪድ ከመምረጥ በፊት የሚመረጠው ሰው ነው። በቤቱ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ እጁ የማይፈጥነው፣ ሲያዝን ቶሎ ብርጭቆ የማያነሳው ማን ነው? ሥልጣኑ ለእሱ ብቻ ይሰጥ፤ የቀረው ይመልከት። በእኛ ቤት ይህ ሰው ማን እንደሆነ ለመናገር ትሕትናዬ አይፈቅድልኝም።

ሁለተኛዋን ለመግዛት ሲወሰን «ከእንግዲህ እኔው ራሴ ሄጄ ነው» ብዬ ከዘራዬን አነሳሁ። የልጅ ልጄ ተከተለችኝ። ሱቁ ሞቃት፣ ሙዚቃ ያለበት፣ ለሽማግሌ ወንበር የሌለበት ሱቅ ነው። ሻጩ ልጅ ገና ሳልቀመጥ (የት እቀመጣለሁ?) ትልቅ ሰማያዊ ኦርኪድ አወጣ።

«አባቴ፣ ይቺ ብርቅ ናት» አለኝ።

የልጅ ልጄ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ፤ እንዲህ ደማቅ ሰማያዊ ሆና የምትሸጠው ቀለም በዘንጓ ገብቶባት ነው፤ ይህ አበባ ሲረግፍ ቀጣዩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሽበቴን አይቶ ቀለም ሊሸጥልኝ!

ከዚያ ነጭ አበባዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ የፈነዳች አቀረበ። «ይቺ ደግሞ ሙሉ ናት፤ አንድም የቀራት እንቡጥ የለም።» ልጄ፣ ሙሉ የሆነ ነገር የሚቀረው መርገፍ ነው። አበባዋ ሁለት ሦስት ወር የሚቆይ ከሆነ እኔ የመጀመሪያውን ወር ለምን ለሱቁ እተዋለሁ? ከታች ሁለት ሦስቱ የፈነዱ፣ ከላይ ያሉት ገና በእንቡጥ ያሉ ዘንግ ነው የሚገዛው። እንቡጦቹም አረንጓዴና ጠንካራ ይሁኑ፤ ቢጫ ካሉ መንገድ ላይ ይረግፋሉ።

ሰው ኦርኪድ ሲገዛ ዓይኑ አበባው ላይ ነው። ለፋሲካ በግ ስትገዛ ጸጉሩን አይተህ ነው? ላቱን ትይዛለህ፣ ሽንጡን ትዳስሳለህ። እዚህም የሚታየው ሥሩ ነው። ጥሩ ሻጭ በሚያሳይ ላስቲክ ነው የሚተክላት፤ ያ ላስቲክ ለጌጥ አይደለም፣ ሥሯም ብርሃን ሲያገኝ ልክ ቅጠሉ የሚሠራውን ሥራ ያግዛል። ከውጭው ሸክላ አወጣኋትና አየሁ። ሥሩ ሲደርቅ ብርማ፣ ውኃ ሲያገኝ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሁለቱም ደግ ነው፣ ወፍራምና ጠጣር እስከሆነ ድረስ። ቡናማ ሆኖ ሲነኩት የሚሟሟ ከሆነ ግን አበባዋ ምንም ቢያምር አስቀምጠህ ውጣ። ከቫዞው አፍ ወጥተው አየር ላይ የተንጠለጠሉ ሥሮችም አሉ፤ ባለቤቴ በኋላ በመቀስ ልትቆርጣቸው ተነስታ ነበር። እነሱ ጤና ናቸው፤ በአገሯ ዛፍ የምትይዘው በእነሱ ነው።

ቅጠሉን ገለበጥኩ። ሻጩ ልጅ ዓይኑን አፈጠጠ። ከቅጠሉ በታችና በመጋጠሚያው ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ ይደበቃል፤ አንዱን ይዘህ ከገባህ የቤቱን ተክል ሁሉ ያዳርሳል። ቅጠሉ ጠንካራ ይሁን፣ የተሸበሸበ አይሁን፤ እምብርቱ ላይ ጥቁር ነጥብ አይኑር። ግንዷን በሁለት ጣት ይዤ በቀስታ ነቀነቅኩ፤ የምትወዛወዝ ከሆነ ሥር የላትም። ቀጥሎ የተተከለችበትን ጠየቅኩ። አንዳንዷ የዛፍ ሽበት በመሰለ፣ ውኃ በሚይዝ ደረቅ ነገር ታጭቃ ትመጣለች። በሞቃት አገር ደግ ነው፤ በእኛ ቀዝቃዛ ቤት ግን ያ ነገር ቶሎ አይደርቅም፣ ሥሩን ያበሰብሳል። ለእኛ የሚሻለው ሸካራ ቅርፊትና ከሰል ነው። ቅርፊት በሆነውም መሃል፣ ችግኝ ሳለች የተተከለችበት የታጨቀ ጉዝጓዝ ሥሯ ሥር ተቀብሮ ሊኖር ይችላል፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ የሚያታልለው እሱ ነው።

በመጨረሻ ከትልልቆቹ ሁሉ ኋላ ጥግ ላይ የቆመች አጭር፣ አበባዋ ትንንሽና ብዙ የሆነ፣ ሁለት ዘንግ ያወጣች ሐምራዊ አገኘሁ። ለጀማሪ ይህች ናት። ትንሽ አበባ ያላቸው ድቅሎች ጠባያቸው የተገራ ነው፤ ዘንጋቸው አጭር ስለሆነ አይወድቁም፣ ቦታም አይፈጁም፣ አንዱ ዘንግ ቢበላሽ ሌላ አላቸው። «አባቴ፣ ይቺ እኮ ርካሽ ናት» አለ ሻጩ በሐዘኔታ። የርካሽነቷን ዋጋ ሲነግረኝ ግን ከዘራዬን ተደገፍኩ። በዚያ ገንዘብ በወጣትነቴ ላም ይገዛ ነበር፤ ላም ደግሞ ወተት ትሰጣለች።

አሁን ሥርዓት ገባ። ውኃ የሚያጠጣው አንድ ሰው ነው፤ እሱም የቀን መቁጠሪያ አያይም፣ ሥር ነው የሚያየው። ሥሩ ሁሉ ብር ሲመስል ብቻ ጠዋት ከሸክላዋ ትወጣለች፣ ወደ ማጠቢያው ትወሰዳለች፣ ከታች እስኪንጠፈጠፍ ትጠጣለች፣ አንጠፍጥፋ ትመለሳለች። በበጋ አየሩ ስለሚደርቅ በሳምንት አንዴ ገደማ ይሆናል፤ በነሐሴ ጭጋግ ግን ከዚያም ይዘገያል። ውኃውም የዝናብ ቢሆን ይመረጣል፤ ጨው የለበትምና። ስለዚህ ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደውን በበርሜል አጠራቅማለሁ። ባለቤቴ ቧንቧው በጠፋ ቀን ከዚያ በርሜል ለልብስ ልትቀዳ ስትመጣ የነበረውን ክርክር ለሽማግሌ እንኳ አላቀርበውም። የነፍስ አባታችን ሲመጡ ደግሞ ወይዘሪት ነጠላ ትከናነባለች። «ምነው?» ሲሉኝ «ክብርዎን አውቃ ነው፣ አባቴ» አልኳቸው። ባረኳት፤ እምብርቷም ደረቅ ሆኖ ዋለ።

ሰላም የሆነ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን እንቡጦቹ ቢጫ ሆነው መርገፍ ጀመሩ። ውኃው ልክ ነው፣ ብርሃኑ ልክ ነው። የልጅ ልጄ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና ጣቷን ወደ ከሰል ምድጃው ቀሰረች። ቀጥላ ወደ እጣኑ። ቀጥላ ሣህን ላይ ወዳለው ሙዝ። የሚበስል ፍራፍሬና በደንብ ያልነደደ ከሰል ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ ያ ጋዝ ሙዙን ያበስላል፣ የኦርኪድን እንቡጥ ደግሞ ያረግፋል። ሙዙ በዚያው ደቂቃ ኩሽና ተሰደደ፤ ሙዝ ጠበቃ የለውም። የቡናው ጉዳይ ግን ቀላል አይደለም።

«ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ» አለች ልጅቷ።

ባለቤቴ ረከቦቱን አልነካችም፣ ድምጿንም ከፍ አላደረገችም። «አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ቤት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል የኖረው ከእሷ በፊት ነው። ጭሱ ካልተስማማት ትውጣ።»

ስለዚህ ትወጣለች። ቡና በተቆላ ቁጥር ወይዘሪትን አቅፌ መኝታ ቤት የማስገባት እኔ ነኝ፤ እጣኑ ሲበርድ አቅፌ የምመልሳት እኔው ነኝ። ኅዳር 12 ቀንማ አይነሳ። ኅዳር ሲታጠን ሠፈሩ ሁሉ ቆሻሻ አውጥቶ ያጨሳል፤ ጭሱ የተጀመረበት የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከሄደ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው እንጂ ጭሱ እስካሁን አልቀረም። ያን ቀን ወይዘሪት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የዋለችው፣ ከካፖርቴ ጎን።

ለፍትሕ ስል አንድ ነገር ልናገር፤ ሽማግሌ አያዳላም። ያ ሁሉ ስንሰድበው የኖርነው የአዲስ አበባ ብርድ አንድ ጥቅም ተገኘበት። ፋላኖፕሲስ አዲስ የአበባ ዘንግ የምታወጣው ለጥቂት ሳምንት ሌሊቱ ቀዝቀዝ፣ ወደ 17 እና 18 ዲግሪ ገደማ ሲልላት ነው። ሞቃት አገር ያሉ አምራቾች ይህን ለማግኘት በመብራት ኃይል ቤት ያቀዘቅዛሉ። እኛ በነፃ አለን። አበባዋ ሲረግፍ ባለቤቴ «ሞተች» ብላ ልትጥላት ተነስታ ነበር። አልሞተችም፤ አረፈች። ዘንጉ አረንጓዴ ከሆነ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው አንጓ በላይ ቢቆረጥ ቅርንጫፍ ሊያወጣ ይችላል፤ ከደረቀ ደግሞ ከሥሩ ይቆረጥና ቅጠል ታሳድጋለች። አውሮፓውያን አበባዋ ሲያልቅ የሚጥሏት ብዙ ናቸው ይባላል። እዚያ ሆላንድ፣ የእኛ ጽጌረዳ በሚሸጥበት ጨረታ ላይ፣ ከቫዞ አበቦች ሁሉ በብዛት የምትሸጠው እሷ ናት። በየዓመቱ አዲስ የሚገዛ ሰው ምን ይቸግረዋል? እኔ ግን በላም ዋጋ አልጫወትም።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በወጣትነቴ በቦንጋና በጅማ መንገድ መኪና ቆሞብኝ ዛፍ ሥር ሳድር፣ በሌሊት ከላይ፣ ከቅርንጫፉ መሃል፣ የሚጣፍጥ ሽታ ይወርድ ነበር። ጠዋት ቀና ስል ዛፉ ላይ ነጭ ኮከብ የመሰለ አበባ ተሰቅሏል። የልጅ ልጄ መጽሐፍ አምጥታ አሳየችኝ፤ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኢትዮጵያ ኦርኪዶች መጽሐፍ ነው። ኤራንጊስ የሚባለው ወገን እዚያ ውስጥ አለ። ከአበባው ኋላ ረጅም ቀጭን ጭራ አለው፣ ማሩ ያለው ጫፉ ላይ ነው፤ በሌሊት የሚሸተው ረጅም ምላስ ያላትን የእሳት እራት ለመጥራት ነው። እንግዲህ የእሳት እራት የምትጎበኘው ኦርኪድ እዚሁ አገራችን፣ ብርዳችንን ለምዶ፣ ያለ ብርጭቆ፣ ያለ ስብሰባ ሲያብብ ኖሯል! ማንም ሪባን አላሰረለትም።

ይህን ለእድር ጓደኞቼ ባወራ አንዱ «ታዲያ ሹፌር አይደለህ? ከጫካ ነቅለህ አታመጣም?» አለኝ። አይሆንም። ከዛፉ የተነቀለ የጫካ ኦርኪድ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ገብቶ አይኖርም፤ ዘሩም ቢሆን ከዱቄት የደቀቀ፣ ስንቅ ያልያዘ ስለሆነ በተፈጥሮ የሚበቅለው ከሚመግበው ፈንገስ ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው። ሱቅ የሚሸጡት ግን በብልቃጥ ያደጉ ናቸው፤ በ1922 እ.ኤ.አ. ሉዊስ ክኑድሰን የሚባል አሜሪካዊ የኦርኪድ ዘር ስኳር ባለበት ምግብ ላይ ያለ ፈንገስ እንደሚበቅል ካሳየ ወዲህ ነው ነገሩ የረከሰው። የጫካውን ለጫካው ተዉለት። እሱ ራሱ ችግር ላይ ነው። በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ተጠንቶ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት የጫካ ቡናው ይበልጥ በተያዘና በተመነጠረ ቁጥር ዛፍ ላይ የሚኖሩት ኦርኪዶች እንደሚመናመኑ አሳይቷል። ትልልቁ ዛፍ ይቆረጣል፤ ግንዱ ላይ ያለውም ጥገኛ ነው ተብሎ ይላጣል። ጥገኛ አይደለም፤ ዛፉ ላይ ይቀመጣል እንጂ ከዛፉ አይበላም። እዚያም የገደለው መንከባከብ ነው፤ እንክብካቤው ለቡናው፣ ሞቱ ለኦርኪዱ።

ይህን ሁሉ ስናገር ሰው ሰማኝ መሰለኝ፣ ቤቴ ክሊኒክ ሆነ። ዘነበወርቅ ድሮም በሕክምና የታወቀ ሠፈር ነው። የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ የአጼ ኃይለ ሥላሴን ልጅ የልዕልት ዘነበወርቅን ስም ይዞ ሠፈሩንም ሰየመ፤ በ1958 ዓ.ም. አለርት ሲቋቋም ከመላ አፍሪካ ባለሙያ እየመጣ የሚሠለጥንበት ሆነ። በወጣትነቴ ሠፈሬን ስጠራ ለሰላምታ የዘረጋውን እጅ የሚሰበስብ ሰው ነበር። ዛሬ በዚያው እጁ ቫዞ ታቅፎ ከአየር ጤና፣ ከቤቴል፣ ከቶታል ድረስ ይመጣል። ባለቤቴ «የታመመ አበባ ከሚጎርፍብን በአለርት ግቢ ያሉት እናቶች በጥልፍ የሚሠሩትን አበባ ገዝተን ግድግዳ ላይ ብንሰቅል ምን ነበረበት? እሱ ውኃ አይጠይቅ፣ ቡና አይከለክል» ትላለች። አልመለስኩላትም፤ ልክ ስለሆነች አይደለም፣ ታማሚ ይዤ ስለነበር ነው።

ምርመራው አንድ ነው። ሸክላውን አወጣለሁ፤ ውኃው ይፈስሳል። «ማነው የሚያጠጣው?» እላለሁ። «ሁላችንም» ይሉኛል። መድኃኒቱም አንድ ነው፤ የበሰበሰውን ሥር በንጹሕ መቀስ ቁረጡ፣ በአዲስ ቅርፊት ትከሉ፣ ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። አይሰሙም። በወሩ ሌላ ይዘው ይመጣሉ።

ባለፈው ግን ከኮንዶሚኒየም አንዲት ባልቴት ነጭ ኦርኪድ ታቅፈው መጡ። «ጋሼ፣ ይቺስ ጉድ ናት» አሉኝ። «ዓመት አለፋት፣ አንድ አበባ አልረገፈባትም። ቤተሰቡ ሁሉ ያጠጣታል፣ ሰንደል አጠገቧ ይጨሳል፣ ሙዝ ሥሯ ነው። ደግ ነው ወይ?»

ሥሯን ፈለግኩ፣ የለም። ቅጠሏን ገለበጥኩ፣ በመሃሉ የፋብሪካ ስፌት አለ። ቫዞዋ ውስጥ ውኃው ጢም ብሎ ሞልቷል።

«እትዬ፣ ይቺ እኮ ላስቲክ ናት።»

ደነገጡ። ቫዞውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ታዲያ ከእንግዲህ ውኃውን ልተውላት?»

«ኧረ ለምን? ያጠጧት» አልኳቸው። «ለጀማሪ ቀላል የምትሆነው ይቺ ናት።»